«ሌንሱስ ደህና ነው?» ላልከኝ

ለወንድሜ ለሲላስ ዋቅቶላ፤

እንደምን ከርመሃል? የጌታ ሰላም በቤትህ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ አይዳ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኤልሮኢ ትምህርት ቤት ገባች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አክስትሽ በርቺ ብላሻለች በላት። ሱቅህስ እንዴት ነው? ባለፈው ዓመት ያስቸገራችሁ ዘረፋ በረድ አለላችሁ ወይ? እኛ ብርድ ላይ ስንሆን እናንተ ሙቀት ላይ ናችሁ ይባላል፤ ከፀሐዩ ተጠንቀቅ። ዓይንህስ እንዴት ነው? የሰላምታ ወጉ ባይሆንም እኔ ከእንግዲህ ይህን ሳልጠይቅ ሰው አላልፍም። ማንበብ የምትወድ ሰው ስለሆንክ በደንብ ጠብቀው።

እኛ በሕይወት አለን። እማዬ ወገቧን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም ሽሮ ሜዳ ያለችውን የልብስ ሱቅ እየከፈትኩ እየዘጋሁ አለሁ። አባባም አሉ። ስለ እሳቸው ወደ ታች በሰፊው እጽፍልሃለሁ፤ ብዕር ያነሣሁትም ስለ እሳቸው ነው።

ገና ዕለት ደውለህ ነበር። ምሳ ተበልቶ ሰሃን እያነሣን ሳለ የአባባ ስልክ ጮኸ፤ ቁጥርህን አየሁት፣ ዘጋሁት። መልሰህ ስትደውል ከነጭራሹ እንዳይገባ አደረግኩት። አባባ ማን ነው ሲሉኝ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲህም ሞክረህ እንቢ ሲልህ ኔትወርክ ነው ብለህ ይሆናል። ኔትወርክ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ በስልክ ልነግርህ አልፈለግኩም፤ ያልወደድከው ወሬ ሲመጣ ታቋርጣለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ጎረቤታችን ታረቀኝ ወደ እናንተ አገር ሊሻገር ስለሆነ በእጅህ አድርስልኝ ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የምታውቀውንም እጽፋለሁ፤ የምታውቀው አንተ ያለህበትን ቁራጭ ብቻ ነውና።

ሞራ የአባባን ሁለት ዓይን ጋርዶ ከጥልፍ መኪናቸው ተነሥተው ደጃፍ መቀመጥ ሲጀምሩ ያሳከምካቸው አንተ ነህ። ይህን ማንም አይክድህም፤ እኔም አልክድህም። ሞራው ወጣ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባላቸው። ፋሻው በተፈታ ሰሞን መርፌ ውስጥ ክር ራሳቸው አስገቡ። ቀጥለው ሣጥን አስከፍተው በሞራው ዘመን የሠሩትን ሲያዩ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ አረንጓዴ ነው ብለው የጠለፉት ለካ ሰማያዊ ኖሯል። የሰርግ ልብሷን እንዲህ ያበላሸሁባትን ልጅ ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቃት ይገባል እያሉ ሰነበቱ። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሰው ሁሉ ሽፋሉን በጣታቸው ገለጥ አድርገው «ይኸ የሲላስ ነው» ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲመሰክሩም ከጌታ ስም ቀጥሎ የተጠራው ያንተ ስም ነበር።

ግላኮማው የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተር ቶይባ ሲያስረዱን፣ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከልኩ በላይ ሆኖ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ እየጎዳው ነው አሉን። ሕመም የለውም፤ ሰውየው ሳያውቀው ከዳር ከዳር እየበላ ይገባል፤ የሄደው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን የሚያቆየው በየማታው የሚደረግ ጠብታ ነው፣ ዕድሜ ልክ። ያንን ጠብታ የማደርግላቸው እኔ ነበርኩ። ያቃጥላቸዋል፣ ዓይናቸውን ያቀላዋል። ሽፋሽፍታቸው ረዝሞ የሰፈር ሴቶች አቶ ዋቅቶላ በስተርጅና ተኳሉ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ስለ ጠብታው ቤተ ክርስቲያን የመሰከረ የለም። በየማታው የሚደረግ ነገር ምስክርነት አይወጣለትም።

አምና መስከረም ላይ አባባ ብልቃጡን ከእጄ ወሰዱና ከዛሬ ጀምሮ ራሴ አደርገዋለሁ፣ ሕፃን አይደለሁም አሉኝ። እሺ አልኩ። ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት ይዘውት ይገባሉ፣ ዓይናቸውን እየጠራረጉ ይወጣሉ። ሲያልቅ ሌላ አመጣለሁ። እየቆየ ቅላቱ ለቀቃቸው። እኔና እማዬ ዓይናቸው ነጭ ሆኖ ስናየው መድኃኒቱ ተስማማቸው ብለን ደስ አለን። የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ ደህና ነኝ እያሉ ያልፉታል። እኔም ሱቅ ነበረብኝ፣ አባትሽን ጎትተሽ ውሰጂ የሚለኝም አልነበረም።

ሰኔ ላይ ከቁስቋም ቁልቁለቱን ሲወርዱ ቅጠል የጫነች አህያ በቀኝ በኩል መጥታ ገፍታ ጣለቻቸው። አህያዋ ከሸክሟ ጋር መንገዱን ሞልታው ነበር። አላየኋትም አሉ። በማግስቱ እንቢ እያሉ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

ዶክተር ቶይባ ግፊቱን ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ጠብታውን በትክክል እያደረጉ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ አዎ አልኩ። አባባ ግን ከወንበራቸው ቀና ብለው፣

«የለም፣ ከተውኩት ቆየሁ። ልጄ ሲላስ ጠብታው ሌንሱን ያበላሸዋል ብሎ ከለከለኝ። ውጭ አገር ነው ያለው፤ አንብቦ ነው» አሉ።

በየማታው መታጠቢያው ውስጥ ያንጠባጥቡት እንደነበርም እዚያው ተናገሩ። ለእህቴ ለኢየሩ አይንገሯት፣ እሷ ሐኪም ካላት ንቅንቅ አትልም፣ ትጨቃጨቅዎታለች እንዳልካቸውም ጭምር። ሊከሱህ አይደለም። ልጄ እንዴት እንደሚያስብልኝ እዩልኝ ለማለት ነው።

አሁን የዶክተሯን ቃል እንደሰማሁት እጽፍልሃለሁ። አባባ መብራት ዙሪያ ጭጋግ አያለሁ ብለው የነገሩህ ሌንሱ ተበላሽቶ አልነበረም። ከሌንሱ ጀርባ ያለችው ስስ ሽፋን ደብዝዛ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ በጨረር በጥቂት ደቂቃ ይጠራል። ሌንሱ ውስጥ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። የግላኮማ ጠብታ ለረጅም ጊዜ በሚያደርጉ ሰዎች ሌንስ ላይ እንዲህ ያለው ነጥብ በዝቶ የተገኘበት ጥናት አለ፣ ነገሩ ገና አልተቋጨም፤ የአባባን ዓይን ያጠፋው ግን እሱ አይደለም። ወንድምሽ ያነበበው ውሸት አይደለም፣ ግማሹን ነው ያነበበው አሉኝ። የቀኝ ዓይናቸው ሞቷል። የግራው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሐሉ ብቻ ቀርቶታል። አንተ ስላነበብከው ነገር አጥብቄ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ሌንስ ቢበላሽ አውጥቼ ሌላ አስገባለሁ። የሞተ ነርቭ ግን በምንም አልተካውም።»

አባባን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ከግቢው ዛፍ ሥር ደወልኩልህ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩህ። እኔ ያነበብኩትን ነው የነገርኳቸው አልክ። ቀጥለህ የጠየቅከኝን ታስታውሳለህ?

«ሌንሱስ ደህና ነው?» አልከኝ።

ሌንሱ ደህና ነው፣ እንደገባበት ቀን ነው አልኩህ። ጌታ ይመስገን አልክ። የአባባን ኮት ክንዴ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያልተማርሽውን አትዘባርቂ ብለህ ዘጋህብኝ። ከዚያ ወዲያ በማን ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰማ ትዘጋለህ። እኔን መዝጋትህ ደግ፤ ለአባባ እሁድ እሁድ መደወልህንም ተውክ።

ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ ልንገርህ። አባባ ያንተን ስም ማንሣት እንጂ አንተን መውቀስ አያውቁም፤ የወቀሱት እኔን ነው። መጀመሪያ ስታደርጊብኝ የነበረው ጠብታ ነው ሌንሱን የፈጀው፣ ሲላስ ደርሶ ባያስጥለኝ ይብስ ነበር ይሉኛል። የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዓምሃ ከሰዎች ጋር ሆነው ሊጸልዩላቸው ሲመጡ፣ ዓይኔን ያጠፋችው ይህች ናት አሏቸው። ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ በሩ ነበር፤ እኔ በሌላ በኩል ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሽ ዓምሃ በሩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሻዩን ቀዳሁላቸው።

የቀረችውን የግራ ዓይን ለማዳን ጠብታው በየማታው መደረግ ነበረበት። አንድ ቀን እማዬ እጃቸውን ይዛ፣ እኔ ሽፋሉን ገልጬ በግድ ልናደርግላቸው ሞከርን። በጥፊ መቱኝ፤ የት እንዳለሁ ሳያዩ እንዴት እንዳገኙኝ አላውቅም። ብልቃጡ አልጋው ሥር ተንከባለለ። «ሲላስ አድርግ ካላለኝ አላደርግም» አሉ። ከዚህች ቃል ንቅንቅ አላሉም። አንተ ደግሞ አልነበርክም። በየሳምንቱ ስልኩን ጉያቸው ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሳይጮህ ሲመሽ ሥራ በዝቶበት ነው ይላሉ። ዶክተር ቶይባ የሚጠፋው ጊዜ ሁሉ ከዚያች ቁልፍ ቀዳዳ ላይ የሚነሣ ነው ብለውኝ ነበር።

አክሊልን ታስታውሰዋለህ፤ ካንተ ጋር በመዘምራን የዘመረው፣ ዛሬ ከሱቄ ጀርባ የሚሸምነው። ልጆች ሆናችሁ አንተን አስመስሎ እየተናገረ ሲያስቀን ትናደድ ነበር። ወሬ ስትጀምር «እ... ማለቴ» የምትላትን፣ ከመሳቅህ በፊት ጉሮሮህን የምትጠርጋትን ሁሉ ያውቃታል። ሲላስን ሁንና ደውልልኝ አልኩት። እንቢ አለ። ዓይነ ስውር ማታለል ኃጢአት ነው፣ በኋላ ማን ይጠየቅበታል አለኝ። እኔ እጠየቅበታለሁ፣ አንተ መጥተህ እያቸው ብቻ አልኩት። መጣ። አባባ የጥልፍ መኪናቸውን ጎማ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ክር የሌለው መርፌ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ አገኛቸው። ሰላም ሳይላቸው ተመልሶ ወጣና «በቃ፣ እደውላለሁ» አለኝ።

በመስከረም አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከሸማ ቤቱ ደወለ። ስልኩን አንሥቼ ድምፁን ከፍ አድርጌ አባባ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ እ... ማለቴ፣ እኔ ነኝ» አለ።

አባባ ፊት ላይ ያየሁትን አልጽፍልህም፤ አይገባህምና። የት ጠፋህ ልጄ ሲሉት ታምሜ ነበር አላቸው። ተሻለህ ወይ፣ ማን አስታመመህ፣ ትበላለህ ወይ አሉ። ሁሉንም መለሰላቸው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«አባባ፣ ጠብታውን ይተዉ ያልኩዎት ተሳስቼ ነው። ዛሬ ማታ ይጀምሩት። ኢየሩ ላይ ጥፋት የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እኔ በል ያልኩት ስለ ጠብታው ብቻ ነበር። ሌላውን የጨመረው ከራሱ ነው። አባባ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። ኋላ «አንተ ልጅ፣ ይቅርታ ስትል ገና ዛሬ ሰማሁህ» አሉና አለቀሱ። ማታ ብልቃጡን ይዤ ስገባ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ፤ ቀና ብለው የታችኛውን ሽፋል በገዛ ጣታቸው ሳቡልኝ። አንጠባጠብኩላቸው።

እማዬ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ከመጀመሪያዋ «እ» ጀምሮ ልጇ አለመሆኑን አውቃለች፤ እናት መቼ ትሳሳታለች። ማታ ዕቃ እያጠበች ቀና ሳትል «አንዱን ልጄን በቁሙ ቀበርሽው» አለችኝ። በሚቀጥለው እሁድ ግን አክሊል ደውሎ ከጨረሰ በኋላ ሰው ልካ ምሳ ጠራችው። ያስቀመጠችውም ያንተ ቦታ ላይ ነው። አባባ ድምፁን እንዳይለዩት ሹክ እያለ በላ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ እሁድ ከሸማ ቤቱ ይደውላል፣ መጥቶ በሹክሹክታ ይበላል፣ ይሄዳል።

ዶክተር ቶይባ ግፊቱ ወርዷል፣ የግራው ባለበት ቆሟል ብለውናል። ጭጋጉንም በጨረር ጠረጉላቸው። መስኮት ዳር ፊት ለፊታቸው ስቆም ሻሼ ቢጫ መሆኑን ያውቃሉ። ይህን ያህል ነው የተረፈው። ጥልፍ የለም፣ ንባብ የለም፤ ቢጫ አለ።

ከሲላስ ጋር ግን ብዙ ያወራሉ። አገር ለቀህ የሄድክ ቀን ለምን ሊሸኙህ እንዳልወጡ ነግረውታል። የተናደዱ መስሎህ ነበር አይደል? ልጄ ፊት አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ በሩን ከውስጥ ይዤ ቆሜ ነበር አሉት። መኪናው ሲነሣ ሰምተው እስኪርቅ በሩን እንዳልለቀቁትም ነገሩት። ይህ ቃል የተነገረው ለአንተ ነው። የሰማው ግን አክሊል ነው፤ ሸማ ቤቱ ውስጥ ስልኩን ይዞ ሲያለቅስ ሄጄ አገኘሁት።

እንግዲህ ገና ዕለት ደወልክ። ልብህ ተመልሶ ይሆናል፣ ለበዓል ወግ ብለህም ይሆናል፤ አላውቅም፣ ላውቅም አልፈለግኩም። አባባ ዛሬ የሚያምኑት አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ያንተ አይደለም። ሁለት ሲላስ ከሰሙ ሁለቱንም አያምኑም፤ የማንንም ጠብታ አይቀበሉም፤ ያቺም ቢጫ ትጠፋለች። ስለዚህ አትደውል። በሰውም ድምፅህን ቀርጸህ አትላክ። እማዬ ና በይው ብላኛለች፤ ቃሏን አድርሻለሁ። የእኔ ቃል አትምጣ ነው። ብትመጣ በራቸው ላይ ቆመህ አባባ ስትላቸው ማን ነህ ይሉሃል፤ እኔም እንግዳ ነው እላቸዋለሁ። አደርገዋለሁ፣ ታውቀኛለህ።

አባባ ያረፉ ቀን ቁጥርህን እከፍታለሁ። ያን ጊዜ ና። ድንኳኑ ውስጥ የበኩር ልጅ ቦታ ይጠብቅሃል፤ ሰው ሁሉ ያጽናህ ይልሃል፣ ያሳከማቸው እሱ ነው እያለ ያመሰግንሃል። እኔም አፌን አልከፍትም። እስከዚያ ድረስ ጸጸት እንቅልፍ ከነሣህ ይንሣህ፤ ለእሱ የሚሆን ጠብታ አላውቅም።

ለአይዳ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በእሷ ቅሬታ የለኝም፤ ይህን ደብዳቤ ታንብበው አታንብበው ብለህ የምትወስነው አንተ ነህ። ለኤልሮኢ በታረቀኝ እጅ አንዲት ጥልፍ ቀሚስ ልኬላታለሁ። ጠብታውን ትተው ሳለ አባባ ለእሷ የጀመሩት የመጨረሻ ሥራቸው ነው። በግራ በኩል እንደ ድሮው ያማረ ነው፤ በቀኝ በኩል መርፌው ከመስመሩ ወጥቶ ባዶ ጨርቅ ላይ ይሄዳል። ሸማኔዎቹ እንፍታውና እናስተካክለው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ተዉት ያልኳቸው። ስትለብሰው እየው። እማዬ ሁላችሁንም በያላችሁበት ትስማለች፤ ስትጸልይ ስምህን አሁንም ድምፅ አውጥታ ትጠራለች። አክሊል ሰላም ብሎሃል፤ መልሶ ደግሞ ሰላም ማለቴን አትጻፊ ብሎኝ ነበር።

አባባ ሰላምታ አልላኩም። እሁድ እሁድ ካንተ ጋር ይነጋገራሉና ምን ብለው ይላኩ።

እህትህ ኢየሩ ዋቅቶላ

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.